ከኖት በፊት ወይስ ከኖት በኋላ? ተውሳከ ግስን በእንግሊዝኛ አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታው ላይ የማስቀመጥ ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የሚመጡት ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር የሚሯሯጡ ልጆች፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ሠራተኞችና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው። ኦልዌይስ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዶንትንም፣ ማለትም ዱ ከአሉታው ቃል ከኖት ጋር ተጣብቆ፣ ያውቃል። ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ግን ነገር ይበላሻል።

አንዷ ተማሪዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረበች። ሰዓት ታከብሪያለሽ ወይ ተባለች። በልቧ የያዘችው «ሁልጊዜም ቢሆን አላረፍድም» የሚል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «አይ ዶንት ኦልዌይስ ካም ሌት» ሆነ። ጠያቂው ቀና ብሎ አያትና «ሶ፣ ሰምታይምስ ዩ ካም ሌት?» አላት። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ቃላቱን አንድ በአንድ ብታዩዋቸው ምንም ችግር የለባቸውም። ያለችው ግን «ሁልጊዜ አይደለም የማረፍደው፣ አንዳንዴ ነው» ሆኗል።

ይህ ስህተት የስንፍና አይደለም። ከአማርኛችን ይዘነው የምንመጣው ነው። በአማርኛ አሉታው ግሱ ላይ ይለጠፋል፤ አልመጣም፣ አይመጣም እንላለን። ግሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ ምናልባት፣ ገና የምንላቸው ቃላት፣ ማለትም ተውሳከ ግሶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉታው በፊት ይመጣሉ። ትርጉሙን የምንለየው በድምፅና በወሬው አካሄድ ነው። እንግሊዝኛ ግን በቦታ ይለያል። ጆሯችን ቦታ ማየት አልለመደም፤ ልናስለምደው የሚገባን እሱን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ያለፈበት ካሌንደር ወይም ካርቶን ፈልጉና 25 ያህል ትንንሽ ካርዶች ቁረጡ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። ዶንት፣ ደዝንት፣ ዲድንት፣ ኢዝንት፣ ሃዝንትና ዎንትን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ። ኦልዌይስ፣ ሪሊ፣ ስቲል፣ ዬት የመሳሰሉትን ተውሳከ ግሶች በሰማያዊ። ባለቤቱን፣ ግሱንና ቀሪውን በጥቁር። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ቀዩ ከሰማያዊው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ዓይናችሁ ወዲያው እንዲይዘው ነው።

እዚህ የእንግሊዝኛውን ሁሉ በእኛ ፊደል የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ብዬ ነው። ካርዱና ደብተራችሁ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። አለበለዚያ ፈተና ላይ ስታገኙት እንግዳ ይሆንባችኋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ረዳት ግሶቹን። ዱ፣ ደዝ፣ ዲድ። አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ዌር። ሃቭ፣ ሃዝ፣ ሃድ። ዊል፣ ካን፣ ሹድ፣ መስት። ኖት የሚንጠለጠለው በእነዚህ ላይ ነው። እነሱን ሳትለዩ ወደ ደረጃ 1 አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ የምትክዱት ምኑን እንደሆነ በአማርኛ ዘርዝሩ

ወደ እንግሊዝኛ ከመሄዳችሁ በፊት የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ፍቱት። «ባጃጁ ሁልጊዜ እዚህ አይቆምም» እንበል። ሁለት ትርጉም አለው።

አንደኛው፦ አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴ ያልፋል።
ሁለተኛው፦ እዚህ ቆሞ አያውቅም።

የትኛውን ነው ማለት የፈለጋችሁት? አንዱን መርጣችሁ በረዥሙ ጻፉት። ይህን ደረጃ የሚዘል ተማሪ የቀሩትን ሁሉ በትክክል ቢሠራ እንኳ ውጤቱ ይበላሽበታል። በስልክ መተርጎሚያ የምትጠቀሙ ከሆነም የምታስገቡት የተፈታውን አማርኛ ይሁን። ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ከሰጣችሁት አንዱን በራሱ ይመርጥላችኋል፤ የመረጠው ደግሞ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ተውሳከ ግሱን ወደ ጎን አድርጉትና አጥንቱን ሥሩ

ሰማያዊዎቹን ካርዶች ወደ ጎን አድርጉ። በጥቁሩና በቀዩ ብቻ ይህን ቅደም ተከተል ደርድሩ፦

ባለቤት፣ ረዳት ግስ ከነኖቱ፣ ዋና ግስ፣ ተሳቢ፣ ቦታ፣ ጊዜ።

«ዘ ባጃጅ ደዝንት ስቶፕ ሂር።»
«ዊ ዲድንት ጎ ቱ ዘ ሌክ የስተርደይ።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ ረዳት ግሱን መርሳት ነው፤ «ሂ ኖት ካም» የሚለው። አማርኛ ረዳት ስለማይጠይቅ ነው የምንረሳው። ቀይ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ አልቆመም። ሌላው ከደዝንት በኋላ ግሱ ላይ ኤስ መጨመር፣ ከዲድንት በኋላ ደግሞ ኃላፊ ግስ ማስገባት ነው። «ደዝንት ስቶፕስ» አይባልም። «ዲድንት ዌንት» አይባልም። ጊዜውንም ኤሱንም ረዳቱ ተሸክሞታል፤ ዋናው ግስ ባዶ እጁን ይምጣ።

አጥንቱ ትክክል ሳይሆን ሰማያዊ ካርድ አታንሱ።

ደረጃ 3፦ ዋናውን ሕግ ያዙ

ኖት የሚመታው ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን ነው። ከእሱ በፊት የተቀመጠው ከምቱ ያመልጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ሕግ ዝርዝር ነው። «ደዝንት ኦልዌይስ» ስትሉ ኖት የሚመታው ኦልዌይስን ነው። ሁልጊዜነቱን ካዳችሁ እንጂ ድርጊቱን አልካዳችሁም። ለዚህ ነው «ሁልጊዜ አይደለም» የሚል ትርጉም የሚመጣው። ተማሪዬም ኦልዌይስን ስትመታው ማርፈዷን ተቀበለች ማለት ነው።

ኦልዌይስን ወደ ኖት ፊት አምጥታችሁ «ሂ ኦልዌይስ ደዝንት ካም» ብትሉስ? አትበሉ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ይቆረቁራል። በአሉታ ውስጥ የኦልዌይስ ቦታ ከኖት በኋላ ነው፤ «ጨርሶ» ለማለት ከፈለጋችሁ ሌላ ቃል አለ፣ ደረጃ 7 ላይ እንደርስበታለን።

ደረጃ 4፦ ሁለት በር ያላቸውን ቃላት ለዩ

እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንዳንድ ተውሳከ ግሶች ከኖት በፊትም በኋላም መግባት ይችላሉ፤ በገቡበት በር ግን ትርጉማቸው ይለወጣል። ሁለቱም በሰዋስው ትክክል ስለሆነ አስተማሪ እንኳ ላያርማችሁ ይችላል። የሚጎዳችሁ ሰው ፊት ነው።

ሪሊ። ጓደኛችሁ አሞራ ገደል፣ የሐዋሳው የአሳ ገበያ፣ ሄደን አሳ እንብላ ብሎ ጋበዛችሁ እንበል።

«አይ ዶንት ሪሊ ላይክ ፊሽ» ካላችሁ፣ አሳ ብዙም አልወድም ማለት ነው። ለዘብ ያለ ነው። ትንሽ ቢለምናችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ።
«አይ ሪሊ ዶንት ላይክ ፊሽ» ካላችሁ፣ የምሬን ነው፣ አሳ አልወድም ማለት ነው። በሩ ተዘጋ።

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ሪሊን ብቻ ከቀዩ ካርድ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። በእያንዳንዱ ቦታ አማርኛውን ጮክ ብላችሁ በሉ፤ «ብዙም»፣ «የምሬን»፣ «ብዙም»፣ «የምሬን»። አሥር ጊዜ ብታደርጉት እጃችሁ ራሱ ይይዘዋል። ይህን ልምምድ የሠሩ ተማሪዎቼ ሪሊ ላይ ሲሳሳቱ አላየሁም።

ኦፍን። «ሺ ደዝንት ኦፍን ካም ቱ ክላስ» ማለት አልፎ አልፎ ነው የምትመጣው ማለት ነው። «ሺ ኦፍን ደዝንት ካም ቱ ክላስ» ማለት ብዙ ጊዜ ትቀራለች ማለት ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገባል። 10 ክፍለ ጊዜ ነበረ እንበል። በመጀመሪያው 1 ወይም 2 ቀን ብቻ መጥታለች። በሁለተኛው 4 ወይም 5 ቀን ቀርታለች፤ የቀሩትን ግን መጥታለች። ስለ ሠራተኛ ሪፖርት የምትጽፉ ሰዎች ይህን በጣም ተጠንቀቁ። የሰው ስም ነው የምትይዙት።

ዴሊበረትሊ፣ ማለትም ሆን ብሎ። «ሺ ዴሊበረትሊ ዲድንት አንሰር» ማለት ሆን ብላ ዝም አለች ማለት ነው። ብርጭቆ የሰበረችን አስተናጋጅ ለመከላከል ግን «ሺ ዲድንት ብሬክ ዘ ግላስ ዴሊበረትሊ» በሉ። ሰብራለች፣ ግን አውቃ አይደለም። ዴሊበረትሊን ወደ ኖት ፊት ብታመጡት «ሆን ብላ አልሰበረችም» ወደሚል ግራ የሚያጋባ ነገር ይሄዳል።

ኢቭን፣ የእኛ «እንኳን»። «ሂ ዲድንት ኢቭን ኮል» ማለት መደወል እንኳን አልደወለም ማለት ነው። «ኢቭን ሂ ዲድንት ኮል» ማለት ግን እሱ እንኳን አልደወለም ማለት ነው፤ አለመደወል ከሌላው ሰው ቢጠበቅም ከእሱ አይጠበቅም ነበር የሚል ስሜት አለው። አማርኛ እንኳንን ከሚመለከተው ቃል ኋላ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ከፊቱ። ይህን አንድ ነገር ካስታወሳችሁ ኢቭን አያስቸግራችሁም።

ዩዥዋሊ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ፣ በሁለቱም በር ሲገባ ትርጉሙ ያው ነው ማለት ይቻላል። «አይ ዶንት ዩዥዋሊ ድሪንክ ኮፊ» በሉና እለፉ።

ደረጃ 5፦ ከኖት በፊት ብቻ የሚገቡትን አስቀድሙ

ሰምታይምስ፣ ፕሮባብሊና ስቲል ከኖት ምት መውጣት አለባቸው።

«ሂ ሰምታይምስ ደዝንት አንሰር ዘ ፎን።» አንዳንዴ ስልክ አያነሳም። «ደዝንት ሰምታይምስ» አትበሉ።

ፕሮባብሊ፣ ማለትም «ሳይሆን አይቀርም»፣ ብዙ ሰው የሚስትበት ምክንያት አለው። በአዎንታ ዓረፍተ ነገር ከረዳት ግሱ በኋላ ነው የሚመጣው፤ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ካም»። ተማሪው ይህን ይዞ ወደ አሉታ ሲሄድ «ሂ ዎንት ፕሮባብሊ ካም» ይላል። ስህተት ነው። ረዳቱ ከኖት ጋር ሲጣበቅ ፕሮባብሊ ዘሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ «ሂ ፕሮባብሊ ዎንት ካም»። ዎንትን ፈታችሁ ዊል ኖት ካላችሁ ደግሞ መሃል ላይ ክፍተት ይገኛል፤ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ኖት ካም» ትክክል ነው። በሁለቱም ውስጥ ፕሮባብሊ ከኖት በፊት እንደሆነ ልብ በሉ። ዴፊኒትሊና ሰርተንሊም (በእርግጠኝነት) በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

«ምናልባት»ን በሜይቢ ለመግለጽ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ላይ አድርጉት። «ሜይቢ ሂ ዎንት ካም።» ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ የጨነቀው ሰው ይጠቀምበት።

ስቲልን ከዬት ጋር አብረን እናየዋለን፤ ሁለቱንም በአማርኛ «ገና» ስለምንላቸው።

ደረጃ 6፦ መጨረሻ ላይ የሚቀመጡትን ወደ መጨረሻ ግፉ

ዬት። «ገና አልመጣም» ስንል ገና ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ዬት ሂ ዲድንት ካም» ይላሉ። ዬት ፊት ላይ ሲሆን «ሆኖም ግን» ማለት ይሆናል፤ ሌላ ቃል ነው። ቦታው መጨረሻ ነው፤ «ሂ ሃዝንት ካም ዬት»።

ስቲል ከቀዩ ካርድ በፊት ነው፤ «ሂ ስቲል ሃዝንት ካም»። ይህም «ገና አልመጣም» ነው። ግን ስሜቱ ይለያል። ዬት ሰላማዊ ነው፤ ይመጣል፣ እየጠበቅን ነው። ስቲል ውስጥ «እስካሁን?!» የሚል ነገር አለ፤ መሰላቸት ወይም መገረም።

ይህ ሆቴል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪዬ እንግዳ ተቀባይ ነው። ከመንገድ ለገባ እንግዳ በስልክ መልእክት «ዩር ሩም ስቲል ኢዝንት ሬዲ» ብሎ ላከለት። ልጁ በትሕትና «ክፍልዎ ገና አልተዘጋጀም» ማለቱ ነበር። እንግዳው ግን መጣና ምን ችግር ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ። መልእክቱ «ክፍሉ እስካሁን አልተዘጋጀም እኮ» የሚል ቅሬታ ሆኖ ነው የደረሰው። መፍትሔው አንድ ቃል ነው፤ «ዩር ሩም ኢዝንት ሬዲ ዬት»። እንግዳ የምታስተናግዱ ከሆነ ዬትን የራሳችሁ አድርጉ፤ ስቲልን ለእንግዳው ተዉለት።

አይዘር። «እኔም አላውቅም» የምትለዋ ትንሿ «ም» ብዙ ሰው አሰናክላለች። «አይ ዶንት ኖው ቱ» አይባልም። ቱ የአዎንታ ነው። በአሉታ አይዘር ይተካዋል፣ ቦታውም መጨረሻ ነው፤ «አይ ዶንት ኖው አይዘር»። አማርኛው ላይ ከባለቤቱ ጋር የተጣበቀ «ም» ስታዩ እጃችሁን ወደ አይዘር ካርድ ስደዱ።

ኤኒሞር። «አሁን እዚህ መሥራት ትቷል» ለማለት «ሂ ደዝንት ወርክ ሂር ኤኒሞር» በሉ። ኖ ሎንገርን ከመረጣችሁ ቀዩን ካርድ አንሱት፤ «ሂ ኖ ሎንገር ወርክስ ሂር»። አሉታው ኖ ውስጥ ገብቷል። ኤሱም ወደ ግሱ ተመልሷል።

ዌልና ቬሪ ማች። እዚህ ላይ አማርኛ በጣም ይጎትተናል። «እንግሊዝኛ በደንብ አይናገርም» ስንል በደንብ ከግሱ ጎን ቆሟል። ያንን ይዘን «ሂ ደዝንት ስፒክ ዌል ኢንግሊሽ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግስንና ተሳቢን መለየት አይወድም። ዌልን ከተሳቢው በኋላ አድርጉ፤ «ሂ ደዝንት ስፒክ ኢንግሊሽ ዌል»። ቬሪ ማችም እንዲሁ፤ «አይ ዶንት ላይክ ኮፊ ቬሪ ማች»።

የቦታና የጊዜ ቃላት መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ቦታ ይቀድማል፣ ጊዜ ይከተላል። ጊዜን ወደ መጀመሪያ ማውጣትም ይቻላል። በረዳቱና በግሱ መሃል ግን አታስገቡት፤ «ዲድንት የስተርደይ ጎ» አይባልም።

ደረጃ 7፦ አሉታ ያላቸውን ቃላት ስታነሱ ቀዩን ካርድ አውጡ

ኔቨር (በጭራሽ)፣ ሬርሊና ሴልደም (ከስንት አንዴ)፣ ሃርድሊም (እምብዛም) በውስጣቸው አሉታ ይዘዋል። ከኖት ጋር አንድ ቤት አያድሩም።

አማርኛ አሉታን መድገም ግዴታው ነው። «ማንም አልመጣም»፣ «በጭራሽ አልበላም» እንላለን እንጂ «በጭራሽ እበላለሁ» አንልም። ስለዚህ «አይ ኔቨር ዶንት ኢት» ማለት ለእኛ ጆሮ የተሟላ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ግን አንድ አሉታ ብቻ ቁጠሩ። «አይ ኔቨር ኢት ሚት።» ሥጋ በጭራሽ አልበላም። ሁለት ከቆጠራችሁ አንዱን አውጡ።

አሁን ወደ አንድ የአማርኛ አነጋገር ልውሰዳችሁ፤ «ሄጄ አላውቅም»፣ «አርፍጄ አላውቅም»፣ «አይቼ አላውቅም»። እዚህ ውስጥ ያለው «አላውቅም» የእውቀት ጉዳይ አይደለም። ጀማሪዎች ግን «አይ ዶንት ኖው» ብለው ይጀምሩትና መሃል ላይ ይጠፋባቸዋል። ይህን አነጋገር ባያችሁ ቁጥር ኔቨርን አንሱ። «አዳማ ሄጄ አላውቅም» ማለት «አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ቱ አዳማ» ነው። ኔቨርን በኤቨር ለውጣችሁ ቀዩን ካርድ መመለስም ትችላላችሁ፤ «አይ ሃቭንት ኤቨር ቢን ቱ አዳማ»።

የኔቨር ቦታ፦ ከዋናው ግስ በፊት። ግሱ ኢዝ፣ አም ወይም አር ብቻ ከሆነ ግን ከእሱ በኋላ። «አይ አም ኔቨር ሌት።» ዓረፍተ ነገሩን በኔቨር አትጀምሩ፤ ፊት ላይ ካወጣችሁት ረዳቱንና ባለቤቱን መገልበጥ ግዴታ ይሆናል፣ ይህም ለመደበኛ ጽሑፍ እንጂ ለወሬ አይሆንም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሃርድሊ ነው። ሃርድ ማለት ጠንክሮ ስለሆነ ሃርድሊም «በትጋት» ይመስላል። አይደለም። «ሂ ወርክስ ሃርድ» ማለት ጠንክሮ ይሠራል ነው። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ማለት ግን ይሠራል ለማለት እንኳ ይከብዳል ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። ስለ ትጋታችሁ ስታወሩ ሃርድሊን ከአፋችሁ አታስገቡ።

ደረጃ 8፦ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ፈትሹ

ዓረፍተ ነገሩን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ረዥሙን አማርኛ ሸፍኑ። የእንግሊዝኛውን ብቻ እያያችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። ስትመልሱ ከኖት ቀጥሎ ያለውን ቃል «አይደለም» ብላችሁ ምቱት፤ ኖት ኦልዌይስ፣ ሁልጊዜ አይደለም። ኖት ኦፍን፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። ከዚያ ግለጡና አወዳድሩ። ከተለያየ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቦታው ላይ ነው፤ ቃል አትቀይሩ፣ ካርዱን አንቀሳቅሱ። «ጨርሶ» ለማለት ፈልጋችሁ ኦልዌይስን ካስገባችሁ ብቻ በኔቨር ተኩት።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

እያወራችሁ ሳለ መሳሳታችሁ ከታወቃችሁ፦ «አይ ሚን» በሉና ዓረፍተ ነገሩን ከባለቤቱ ጀምራችሁ እንደገና ተናገሩ። ቃሏን ብቻ መሃል ላይ ወርውራችሁ አትለፉ፤ ሰሚው የት እንደሚያስገባት አያውቅም።

ቃሉ የቱ ጋ እንደሚገባ ጨርሶ ከጠፋችሁ፦ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ በአዎንታ ተናገሩ፣ ቀጥሎ «በት ኖት» ብላችሁ ተውሳከ ግሱን ጨምሩ። «ሂ ካምስ፣ በት ኖት ኦልዌይስ።» «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ፣ በት ኖት ቬሪ ዌል።» «ዘ ባጃጅ ስቶፕስ ሂር፣ በት ኖት ኦፍን።» ይህ ትክክለኛና የተለመደ እንግሊዝኛ ነው። ኖትም ከሚመታው ቃል ጎን ስለሆነ አይስትም። ጀማሪ ተማሪዎቼን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚህ ብቻ እንዲያወሩ ነው የማደርጋቸው።

በአሉታ ሲጠይቋችሁ፦ «አልመጣም?» ስንባል «አዎ፣ አልመጣም» እንላለን። በእንግሊዝኛ «ዲድንት ሂ ካም?» ከተባላችሁና ካልመጣ «ኖ፣ ሂ ዲድንት» በሉ። ዬስና ዲድንት አብረው አይሄዱም።

ፈተና ላይ አራቱም ምርጫዎች ትክክል ከመሰሏችሁ፦ መጀመሪያ ሁለት አሉታ ያለበትን ሰርዙ። ቀጥሎ ግስንና ተሳቢን የለየውን ሰርዙ። ብዙ ጊዜ ሁለት ይቀራሉ፤ እዚያ ላይ ነው ኖት ማንን መታ ብላችሁ የምትጠይቁት።

መልመጃ

መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ በካርድ ሥሩ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በአንድ ቀን 2 ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል።

1. አባ ኮዳ (ሐይቁ ዳር የሚቆመው ትልቁ ወፍ) ሰው ብዙም አይፈራም።
2. ጀልባው ገና አልተመለሰም፤ ቅሬታ የለንም።
3. ምናልባት ነገ አልመጣም።
4. እሷም አሳ አትበላም።
5. ባጃጁ አንዳንዴ እዚህ ይቆማል እንጂ ሁልጊዜ አይደለም።
6. አርፍጄ አላውቅም።

መልስ፦

1. አባ ኮዳ ደዝንት ሪሊ ፊር ፒፕል። ሪሊን ከደዝንት በፊት ያደረገ ሰው የምሩን አይፈራም ብሏል። አሞራ ገደል አሳ ሲጸዳ ላየ ሰው ይህም እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን «ብዙም» ነው የሚለው።
2. ዘ ቦት ሃዝንት ካም ባክ ዬት።
3. ሜይቢ አይ ዎንት ካም ቱሞሮ። «አይ ፕሮባብሊ ዎንት ካም ቱሞሮ» ብትሉም ያስኬዳል።
4. ሺ ደዝንት ኢት ፊሽ አይዘር።
5. ዘ ባጃጅ ደዝንት ኦልዌይስ ስቶፕ ሂር።
6. አይ ሃቭ ኔቨር ቢን ሌት። ቃለ መጠይቅ ላይ «አይ አም ኔቨር ሌት» ብትሉም ያው ነው። ያቺ ተማሪዬ አሁን ሁለቱንም ሳታስብ ትላቸዋለች።